ከመጋረጃው ኋላ የተነገረ ዋጋ

ሟቹ በመለኪያው ክፍል ውስጥ፣ ቀዩ ምንጣፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ሜትሩ እንደ ወትሮው አንገቱ ላይ ነው። ጨርቅ ሲቆረጥ እንዳይንሸራተት የሚጫንበት የድሮ የከሰል ካውያ ከመስተዋቱ ሥር ወድቋል፤ ማጅራቱን ያገኘው እሱ ለመሆኑ ሐኪም መጠበቅ አላስፈለገም። ቀኝ እጁ ወደፊት ተዘርግቶ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አንዲት ስፒል እንደያዘ ቀርቷል።

ሰውዬው የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ ነበር። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ያየው ሰው ስለሌለ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። የቤቱ ምድር ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ ነው። ጠዋት ሬሳውን አይታ የጮኸችው ባለቤቱ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ታሽጎ ከፖሊስ በቀር ማንም አልገባበትም።

መርማሪዋ ስትደርስ አለቃዋ ቀድሟት ደርሶ፣ ነገሩንም በራሱ ቤት ጨርሶት ቆያት። ይህ አለቃ ቀድሞ የእሷ ተለማማጅ ነበር። አሻራ እንዴት እንደሚነሣ ያሳየችው እሷ ናት፤ ያኔ «እርስዎ» እያለ ቦርሳዋን ይሸከምላት ነበር። አሁን እሱ «አንቺ» ይላታል፣ እሷ «እርስዎ» ትለዋለች። የተሾመ ዕለት ስቃ ስማዋለች፤ ማታ ቤቷ ገብታ ግን እህል አልወርድ አላት። ቅናት እንደሆነ ታውቃለች፤ ከሰው ብትደብቀውም ከራሷ ደብቃው አታውቅም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ጥያቄ ስለምታበዛ «ወይዘሮ ለምን» የሚል ስም ወጥቶላታል።

«ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነው» አለ አለቃው። ባልና ሚስት ሰሞኑን በሱቁ ዌብሳይት ላይ ሲጨቃጨቁ ከርመዋል። ሚስት የየቀሚሱ ዋጋ ከፎቶው ሥር ይለጠፍ ትላለች፣ ባል በሕይወት እያለሁ አይሆንም ይላል። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ጎረቤት ሁሉ የሰማው «ዛሬ ዋጋው ካልወጣ አንዳችን ከዚህ ቤት እንወጣለን» የሚለውን የሚስትየውን ድምፅ ነው። አመሻሹ ላይ ዋጋው ዌብሳይቱ ላይ ወጣ። በማግስቱ ባል ሬሳ ሆኖ ተገኘ። «ታዲያ ምን ቀረ?» ሲል ጠየቃት።

«ስፒሏ» አለች መርማሪዋ።

«ልብስ ሰፊ ስፒል ቢይዝ ምን ይደንቃል?»

«ምናልባት ምንም አይደንቅም። ለምን እንደያዛት ግን ልጠይቅ።»

አለቃው ተነፈሰ። የባልና ሚስቱ ሴት ልጅ ሬሳው ከመገኘቱ በፊት ትምህርት ቤት ሄዳለች፤ የአባቷን ሞት እንኳ አልሰማችም። ስትመለስ እናቷን በካቴና እንዳታይ፣ ከመምጣቷ በፊት ሴትዮዋን ይዞ ለመሄድ ወስኗል። እስከዚያ ግን መርማሪዋ የፈለገችውን እንድትጠይቅ ፈቀደላት። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱም እሷን አንጀቷን ያሳርራታል። ክፉ ቢሆን ኖሮ መጥላቱ ይቀላት ነበር።

አለቃው ሲወጣ ጫማዋን አወለቀች። ምንጣፉ ወፍራም ነው፣ ሙሽሮች በባዶ እግራቸው የሚቆሙበት። በካልሲዋ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያለች ረገጠችው፤ ሬሳው የነበረበትን ቦታም ዞራ በመዳፏ ዳበሰችው። የወጋት ነገር የለም።

መጀመሪያ ያናገረችው ዌብሳይቱን የሠራውን ጎረምሳ ነው። ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ከፍቶ አሳያት፤ ቀሚሶቹ አንድ በአንድ ተደርድረዋል፣ ከየሥራቸውም ዋጋ አለ። የተለጠፈው ከዚሁ ኮምፒውተር፣ ትናንት አመሻሽ ላይ መሆኑን ነገራት። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ እጁ የደረሰ ሁሉ መጻፍ ይችላል።

«እንዴት እንደሚጻፍበትስ ማን ያውቃል?»

«ለጋሼ ነው ያስተማርኳቸው። እትዬ ያኔ ፎቅ ላይ ነበሩ። ረዳታቸው እቴ ስፒል ግን እዚህ ቆማ ነበር፤ እሷ ምኑም አይገባትም፣ አፏ ስፒል ሞልቶት ቀሚስ ይዛ እስኪነሡላት ትጠብቅ ነበር።»

ስለ ዋጋው ጠብ ስትጠይቀው ልጁ ፈገግታውን መያዝ አቃተው። እሱ ራሱ ከሚስትየው ጎን ነበር፤ ሰው ዋጋ ሳያይ ደውሎ አይጠይቅም፣ ይፈራል፣ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል ብሎ ስንት ቀን መክሯል። ባልየው ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉ ሚስትየው ተደብቀው መጡና አንድ ዘዴ አቀረቡለት። ዝም ብለን የመሰለንን ቁጥር እንጻፍበት፣ ሲያየው ይናደድና ትክክለኛውን ይናገራል አሉት። ቁጥሮቹን የነገሩት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ሜትር ሲያዩት ከመናደድ ይልቅ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለአንዱ ቀሚስ እጥፍ ተጽፎለታል፣ ለሌላው ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

«መጨረሻ ያናገሩህ መቼ ነው?»

«ትናንት ከሰዓት ደወሉልኝ። ‹ተሸንፌያለሁ፣ ዋጋው ይውጣ። ነገ ና፣ እኔው እሰጥሃለሁ። የምንጽፈው ግን በር ላይ የተቀበልኩትን ነው፤ አንዲት ሙሽራ እንኳ ከፍታ አይታ ዋሸኝ እንዳትል› አሉኝ።»

«ይህን ለአለቃዬ ለምን አልነገርከውም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

በር ላይ የተቀበልኩትን የሚለው ነገር አልገባትም። ያልገባትን ነገር ደግሞ አትጥልም፤ ይዛው ወደ ፎቅ ወጣች።

ሚስትየው መስኮቱ አጠገብ ካለው የስፌት ማሽን ኋላ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ያለችበትን ሁኔታ ታውቃለች፤ ከታች የቆመው የፖሊስ መኪና ለማን እንደመጣ የነገራት ባይኖርም ገብቷታል። በየመሀሉ ሰዓቱን ቀና ብላ ታያለች፣ የልጇን መምጫ እያሰበች።

«ቀናተኛ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። «ይጻፉት። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ምን እደብቃለሁ።»

«በማን ነው የሚቀኑት?»

«በሁሉም። መጋረጃውን አልፋ በገባች ሁሉ።»

የቤቱን ልማድ ያስረዳቻት እሷ ናት። ጋሽ ሜትር ለቀሚስ ዋጋ የሚናገረው በመጨረሻው ልኬት ነው፤ ሙሽራዋ ለብሳው፣ ጠርዙ በስፒል ተይዞ፣ ራሷን በመስተዋት ስታይ። ያኔ መጋረጃውን ይስብና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግራታል። ገንዘቡን የሚቀበለው ራሱ፣ ባንክ የሚያስገባው ራሱ ነው። ለቤት አጉድሎ አያውቅም። በተጋቡ ሰሞን «ለዚያች ልጅ ስንት አልካት?» ብላ ብትጠይቀው «እሱ የሙሽራዋና የእኔ ነው» ብሎ አገጯን ይዞ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በጠየቀችው ቁጥር መልሱ ያው ነው።

«ከዚህ ሆኜ ማጉረምረሙ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይሰማኝም» አለች። «ለእኔ እንደዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም። ዋጋው አደባባይ ከወጣ ከመጋረጃው ኋላ የሚወራ ምን ይቀራል ብዬ ነው ያን ሁሉ የጮኽኩት። ስለ ገበያው ግድም አልነበረኝ።»

«ትናንት የለጠፉት እርስዎ ነዎት?»

«በምን አውቄው? ትናንት ከተጣላን በኋላ በሩን ዘግቼ ተኛሁ። ስንኳረፍ ሶፋው ላይ ነው የሚያድረው፤ ዛሬም እዚያው መስሎኝ ነው የወረድኩት።» ሰዓቱን ደግማ አየች። «ዋጋውን ያየሁት ፖሊሱ በስልኩ ሲያሳየኝ ነው። ባሌ ተዘርግቶ እያለ፣ እንባዬን ገታ አድርጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ለየትኛዋ ስንት እንዳላት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?»

መርማሪዋም የአለቃዋን የደመወዝ ጭማሪ ከሰው ጠረጴዛ ላይ አሻግራ ያነበበችበት ቀን ነበር። ትከሻዋን ነካ አድርጋት ወረደች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሱቅ መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊት ነው። እሱም የሙሽራ ቀሚስ ይሰፋል፤ ሙያውን የተማረው ከወንድሙ ሲሆን ተጣልቶ ወጥቶ የራሱን ከፈተ። መስኮቱ ላይ ዋጋው በትልልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ወንድሙ ቤት የሚጎርፈውን ለቀስተኛ ያያል።

«ይመልከቱልኝ» አላት። «መንገዱን ዘጉት እኮ። እኔ ብሞት ከዚህ እሩቡ የሚመጣ ይመስልዎታል? እኔ ዋጋዬን ለጥፌ ሰው አያየኝም፣ እሱ ደብቆ ወረፋ ይያዝለታል። ሞቶም ወረፋ ተያዘለት።» ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና አለቀሰ። ልቅሶውም ቅናቱም የምሩን ነበር።

የተለጠፈውን ዋጋ አይቶት እንደሆነ ጠየቀችው። እንዳነጋገሩ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሲያየው ነው ያደረው፤ ስንት ዓመት የተመኘውን ነገር ማን ይተኛበታል። ግን ውሸት ነው አላት። ከወንድሙ ዘንድ ካሰፉት መካከል ሁለት ሦስቱ የጎረቤት ልጆች ናቸው፣ የከፈሉትን ጠይቆ ያውቃል። የተለጠፈው ከከፈሉት ይበልጣል።

«በጣም ይበልጣል?»

«በትንሹ። በአንዱ በመጠኑ፣ በሌላው ከዚያ ሻል ባለ። ሴትዮዋ ለማትረፍ ጨምራበት ነው የሚሆነው።»

ሚስትየው ከዚህ ቀደም በግምት የሰጠችው ቁጥር እጥፍና ግማሽ ነበር። ይኸኛው ደግሞ ሁሉም ላይ በትንሹ ብቻ፣ ወደ ላይ ብቻ ነው የሳተው። ግምት እንዲህ አይስትም ስትል አሰበች መርማሪዋ፣ ምክንያቱን ባታገኘውም።

ሳትጠየቅ የቀረችው እቴ ስፒል ናት። የሱቁ ጓዳ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ታቅፋ አገኘቻት። ቀጠን ያለች፣ ትዳር ያልያዘች ሴት ናት፤ ጋሽ ሜትር ሱቁን ከከፈተ ጊዜ ጀምሮ ከሙሽሮች እግር ሥር ተንበርክካ የቀሚስ ጠርዝ በስፒል ስትይዝ ኖራለች። የቀሚሷ ኮሌታ ላይ አሁንም ስፒሎች በሰልፍ ተሰክተዋል። ሥራ ላይ አፏ ውስጥ ስፒል ስለማይጠፋ ሰው ዝምተኛ ያደርጋታል።

«ጋሼ አባቴም ወንድሜም ነበሩ» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት የመጨረሻዋን ሙሽራ እንደለካን ወጥቻለሁ። ራሴን ፈልጦኝ ነበር። ስፒሎቹን እንኳ ሳልለቅም ለጠዋት ብዬ እንዳሉ ትቻቸው ነው የሄድኩት። ምን ላድርግ፣ ብቆይ ኖሮ ይተርፉ ይሆናል።»

«ስፒል የሚለቅሙት ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ማን አለ? ጋሼ ስፒል አይነኩም። እሳቸው መቀስ፣ እኔ ስፒል ነን።»

ኮምፒውተር እንደምትችል ስትጠይቃት መርፌና ክር እንጂ ሌላ እንደማታውቅ ነገረቻት። ስለ ሚስትየው ስትጠይቃት ግን ጨርቁን አጠፈችው፣ ዘረጋችው።

«ሚስት ናት። እኔ በእሷ ላይ ምን እላለሁ? ዋጋውን አላውቅም ትላለች አሉ። ባልና ሚስት መሀል ምን ምስጢር አለ፣ እመቤቴ? ማታ ማታ ሁሉን ያጫውቷት የለ። አንድ ትራስ ላይ እየተኙ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ አንድ የቆየ ነገር ነበር። መርማሪዋ ያወቀችው ወዲያው ነው፤ በየማለዳው በአለቃዋ በር ስታልፍ የሚቀሰቀስባት ቅናት ነው። የእሱ እንቅልፍ የሰላም፣ የእሱ ቤት የሳቅ ቤት ይመስላት ነበር፤ ቤቱን ግን አንድም ቀን አይታው አታውቅም። እዚያው ጓዳ ውስጥ ቆማ ይህን አሰበችና የትናንቷን ሙሽራ ስልክ ጠየቀች።

ሙሽራዋ እያለቀሰች መለሰችላት። ጋሽ ሜትር ከመጋረጃው ኋላ የነገራት ዋጋ ዌብሳይቱ ላይ ከወጣው ጋር አንድ ነው፤ የከፈለችው ግን ያን አይደለም። ሊሸኛት በር ድረስ ሲወጣ፣ እናቷ ፖስታውን ስታወጣ እጇን ያዘና «ውስጥ የነገርኩሽ የቀሚሱ ነው፤ የራስ መሸፈኛው ከእኔ ለትዳርሽ» ብሎ የተወሰነውን መለሰላቸው። የእህቷ ጊዜም ያው ነበር፣ ለእሷ የተተወላት የእጅ ጓንቱ ነው። ለካ ይህ ሰው ሁሉንም ሙሽራ በር ላይ በስጦታ ነው የሚሸኘው፣ እያንዳንዷም ለእኔ ብቻ ነው ብላ ደስ ብሏት ትሄዳለች።

«በር ላይ አብሯችሁ ማን ነበር?»

«እናቴና እኔ፣ እሳቸው ብቻ። ስፒል የምትሰካዋ ሴትዮ እዚያው መጋረጃው ውስጥ ቀረች።»

መርማሪዋ ስልኩን ዘጋችና ሁሉም መለኪያው ክፍል እንዲሰበሰቡላት አለቃዋን ለመነችው። ሰዓቱን አየ። የተማሪ መውጫ እየቀረበ ነው። ቢሆንም እሺ አለ።

ሙሽሮች ወረፋ የሚጠብቁበት ሶፋ ወደ ውስጥ ገባ። ሚስትየውና የሟቹ ወንድም ከዳርና ከዳር ተቀመጡ፣ ዌብሳይት ሠሪው መሀላቸው ተሸጎጠ። እቴ ስፒል መቀመጡን ትታ ከመስተዋቱ አጠገብ ቆመች። አለቃው መጋረጃውን ይዞ በሩ ላይ ነው።

«ከስፒሏ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ ስፒል አይነካም ነበር። የሞተው ግን ስፒል አንሥቶ ነው፤ የተመታውም ጎንበስ እንዳለ ከኋላው ነው። ሙሽራዋን ሸኝቶ ተመለሰና እዚህ ስፒል የሚለቅም ሰው አገኘ። ምንጣፉን ጠዋት በካልሲዬ ረግጬዋለሁ፤ ትናንት የአንድ ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ በሙሉ የተያዘበት ክፍል ነው፣ እግሬን የነካኝ ስፒል ግን የለም። እጁ ላይ የነበረችው የመጨረሻዋ ነበረች። እርስዎ ሳልለቅም ሄድኩ ብለውኛል፣ እቴ።»

እቴ ስፒል እጇን ወደ ኮሌታዋ ሰደደች። ነጋ ጠባ ሲያዩት የኖሩትን የስፒል ሰልፍ አሁን ሁሉም አተኩሮ ያየው ጀመር።

«ጠዋት ሌላ ሰው ለቅሞት ይሆናል» አለ አለቃው፣ ክርክሩን ለማጥራት ያህል።

«ከጩኸቱ ወዲያ ክፍሉ የታሸገው በእርስዎ ትእዛዝ ነው፣ ጌታዬ። አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ሟቹ ራሱ አልለጠፈውም፤ ነገ እሰጥሃለሁ ብሎ ለዚህ ልጅ ደውሏል፣ የሚሰጠውም በር ላይ የተቀበለውን ነው። የተለጠፈው ግን ከመጋረጃው ኋላ የተነገረው ነው። በዚህ ቤት አንድ ቀሚስ ሁለት ዋጋ አለው፤ ውስጥ የሚነገርና በር ላይ የሚከፈል። ወንድሙ የሚያውቀው ሙሽሮቹ የነገሩትን፣ የተከፈለውን ነው፤ እሱ ቢለጥፈው ዝቅ ያለውን በጻፈ ነበር። ዌብሳይት ሠሪው ከሚስትየው ግምት ሌላ የሰማው የለም። እዚህ ዋጋ ሲነገር ሁልጊዜ ውስጥ የምትገኝ፣ በር ላይ ሲቀነስ ግን አንድም ቀን ያልተገኘች አንዲት ሰው ብቻ አለች። ለምን ቢባል፣ ሁሉም ወጥቶ ሲሄድ እሷ ተንበርክካ ስፒል ትለቅማለች።»

«ሚስትየውስ? ከመሞቱ በፊት ነግሯት ቢሆንስ?» አለ አለቃው።

«ለእሷ ሊነግራት ቢወስን እንኳ ለዚህ ልጅ ቃል የገባውን፣ የበሩን ዋጋ ነበር የሚነግራት። ግን አልነገራትም። ዋጋውን የለጠፈው ሰው ጥፋቱን በሚስትየው ላይ ለመጣል ነው የለጠፈው፤ ይለጠፍ እያለች ስትጮህ የከረመች እሷ ስለሆነች። ለዚህም ሚስት ዋጋውን ታውቃለች ብሎ ማመን ነበረበት። ያን ያመነ ሰው አንድ ነው። እቴ፣ ማታ ማታ ሁሉን ያጫውቷታል ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

እቴ ስፒል ወደ ሚስትየው ዞረች።

«ታውቂው አልነበር?» አለች።

«አላውቅም» አለች ሚስትየው።

«አንዱንም? የመጀመሪያዎቹን እንኳ?»

«አንዱንም። አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። አንቺ ታውቂው ነበር?»

እቴ ስፒል ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ሥራዋ በጉልበቷ ሆና ሳይሆን እንዲያው ዘጭ ብላ።

«ከበር ተመልሰው ጎንበስ አሉና አብረውኝ ይለቅሙ ጀመር» አለች ወደ ምንጣፉ እያየች። «በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አድርገውት አያውቁም። ልቤ ቆመ። አንድ ነገር ሊሉኝ ነው ብዬ። ‹ዋጋውን ልንለጥፈው ነው፣ እሷ አሸንፋኛለች፤ ከእንግዲህ መጋረጃው ውስጥ እሷ ትገባና አንቺ ከላይ ማሽኑ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ጉልበትሽም ያርፋል› አሉኝ። ለጉልበቴ አስበው። ደስ ብሏቸው ነበር ሲናገሩ። ቤቱ የእሷ ነው፣ ልጅቷ የእሷ ናት፣ የማታው ጨዋታ የእሷ ነው። እኔ ያለኝ ይህ ምንጣፍ ነበር፤ እሱንም ለእሷ ሊሰጧት ነው። ካውያው በእጄ እንዴት እንደገባ አላውቅም።»

ዋጋውን የለጠፈችው ወዲያው ነው፤ አጻጻፉን ልጁ ጋሽ ሜትርን ሲያስተምር ቆማ አይታ ይዛዋለች። የአንዱንም ቀሚስ ዋጋ ለማስታወስ አልተቸገረችም፤ ሁሉንም በቃሏ ታውቀዋለች። ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ ለአፍታ ኩራት ነገር ታየ፣ ከዚያ ጠፋ።

አለቃው ፖሊስ ጠራ። እቴ ስፒል ከመነሣቷ በፊት ከኮሌታዋ ላይ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች መስተዋቱ ሥር ባለው ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ምንጣፉ ላይ የወደቀች እንዳለችም በመዳፏ ዳበሰች፤ በሕይወቷ ሙሉ እንዳደረገችው።

በሩ ላይ ስትደርስ ሚስትየው ከሶፋው ተነሣች። ሁሉም ትመታታለች ብሎ ነበር።

«እንዴት ነበር የሚላቸው?» አለቻት።

«ምኑን?»

«ዋጋውን ሲነግራቸው። ስንት እንዳላቸው አይደለም የምጠይቅሽ። እንዴት አድርጎ ነበር የሚላቸው?»

እቴ ስፒል አሰበች። «መጀመሪያ ‹ልጄ› ይላሉ» አለች። «ከዚያ ዝም ይላሉ፣ በመስተዋቱ እያዩዋት። ከዚያ ‹እናትሽ እንዳትሰማን› ብለው ይስቁና ይነግሯታል። ሁሉንም እንደዚያው ነው።»

ሚስትየው ራሷን ነቀነቀች። እያንዳንዱን ቃል ከገዳይዋ አፍ መቀበሏ እንደ እሳት እያቃጠላት፣ ግን ሌላ የሚነግራት ሰው በምድር ላይ ስለሌለ፣ እንደገና እንድትደግምላት ጠየቀቻት። እቴ ስፒል ደገመችላትና ወሰዷት።

አለቃው ከመርማሪዋ አጠገብ ቆሞ ኮፍያውን ሲያሽከረክር ቆየ። «እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ ሴትዮዋን አስሬ ነበር» አላት። «ለነገሩ እንቅልፍ ከጠፋኝ ሰንብቷል። ይህን ወንበር ስቀመጥበት ሁሉን የማውቅ ይመስላቸዋል።» «እርስዎ» ማለቱን እሱ ልብ አላለውም፤ እሷ ግን ልብ ብላዋለች፣ ደስም ብሏታል። እንቅልፍ ማጣቱም ትንሽ ደስ አላት፣ ወዲያውም አፈረችበት።

ሱቁ ውስጥ ዌብሳይት ሠሪው ኮምፒውተሩ ላይ ተጎንብሶ ዋጋውን ያጥፋው እንደሆነ ሚስትየውን ጠየቃት። የሟቹ ወንድምም ሊሰማ ተጠጋ። እሷ በመስኮቱ በኩል መንገዱን ታያለች፤ ልጇ ቦርሳዋን አንግታ፣ ሰው ለምን እንደተሰበሰበ ግራ እየገባት ከወዲያ ማዶ ትመጣለች።

«ተወው፣ ይቆይ» አለችው። «የበሩን ዋጋ ግን አላውቀውም። ሙሽሮቹን እየዞርኩ፣ ምን ብሎ እንደተወላቸው አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ከዚያ አስተካክልልኛለህ።»

ነጠላዋን አጣፋች፣ እንባዋን በጫፉ ጠረገችና ልጇን ለመቀበል ወደ በሩ ወጣች።